ከተመደብኩ 9 ቀኔ ነው፣ ስለ ጎማ ግዥ ጥቆማ ደረሰኝ። ምርመራውን ከየት ልጀምር?

አዲሱ ዳይሬክተር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኢንስፔክሽንና ልዩ ኦዲት ዳይሬክተር ሆኜ ተመድቤአለሁ። ገና 9 ቀኔ ነው። ከዚያ በፊት 11 ዓመት ተራ ኦዲተር ነበርኩ። ሒሳብ ማየት አውቃለሁ። ምርመራ መምራት ግን ሌላ ሥራ መሆኑ ከወዲሁ እየገባኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በበሩ ሥር የገባ ፖስታ አገኘሁ። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ስም የለውም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ተገዛ ከተባለው የመኪና ጎማና መለዋወጫ ግማሹ ግቢ አልገባም ይላል። የአቅራቢውን ስም ጽፏል። የሁለት ሰዎች ስምም አለበት። አንደኛው ማዕረጉ ከኔ በላይ ነው።

ሥሬ አራት ኦዲተሮች አሉ። ሁለቱ ከግዥ ክፍል ሰዎች ጋር በየቀኑ ምሳ የሚበሉ ናቸው። ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ግን ያሳስበኛል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ መድረሱን በሆነ መንገድ ሰምተው «በ15 ቀን ሪፖርቱን አምጣ» ብለውኛል። ኮሪደር ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ደግሞ «ማን ጻፈው?» ይለኛል። ስለ ጎማው የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር? ለማንስ ትናገሩ ነበር? እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

---

ጠበቃው

ወንድሜ፣ ሥራው ይቅናህ። ከሕጉ በኩል ያለውን ባጭሩ ልበል።

መጀመሪያ አንተ ፖሊስ አይደለህም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንኳ በ1993 ሲቋቋም መመርመርም መክሰስም ይችል ነበር፤ በ2008 ግን ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። ያንተ ድርሻ ኦዲት ነው። የሆነውን በሰነድና በአካል ታረጋግጣለህ። የወንጀል ሽታ ሲመጣ በጽሑፍ ታስተላልፋለህ። ከማንም የእምነት ቃል ለመቀበል አትሞክር። ሰውን በር ዘግተህ አስጨንቀህ ያስፈረምከው ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ አንተኑ ይዞህ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ዋናውን ሰነድ ያዝ። ኮፒ አይበቃህም። ስትረከብ የርክክብ ቅጽ ይኑር፣ ገጹ ይቆጠር፣ ሰጪም ተቀባይም ይፈርሙ። ከዚያ ቁልፉ ያንተ የሆነ ካዝና ውስጥ ይግባ። ለሥራ የምትጠቀመው ኮፒውን ነው።

ሦስተኛ፣ ጠቋሚን የሚጠብቅ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው። «ማን ጻፈው?» ለሚልህ ሰው «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ብትል በቂ መልስ ነው። የውስጥ ኦዲት ሪፖርት ለገንዘብ ሚኒስቴርም እንደሚሄድ አትርሳ። ከኃላፊህ ጋር ብቻህን የቀረህ ከመሰለህ እሱን አስታውስ።

---

ጡረተኛዋ ኦዲተር

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎማ የሚለው ቃል ነው የያዘኝ። 27 ዓመት በመንግሥት ሒሳብ ላይ ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 8 ዓመታት የልዩ ኦዲት ኃላፊ ሆኜ። ጎማ ላይ የመራሁት ምርመራ አለ። እሱን ሳልነግርህ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ጊዜው 2005 ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። በአንድ የበጀት ዓመት 84 ጎማ ተገዝቷል። ወረቀቱን ብታየው ያምራል። የግዥ መጠየቂያ አለ፣ ከሱቆች የመጣ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ሞዴል 19 (ዕቃ ገቢ የሚሆንበት ቅጽ) አለ፣ ሞዴል 22 (ዕቃ ወጪ የሚሆንበት ቅጽ) አለ። ማኅተሙ ሁሉ በየቦታው አርፏል። ከኔ በፊት ያየው ኦዲተር «ግኝት የለም» ብሎ አልፎታል። አልፈርድበትም። ወረቀት ብቻ ላየ ሰው በርግጥም የሚያዝ ነገር አልነበረውም።

እኔ ሦስቱን ፕሮፎርማ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የላንድክሩዘሮቹ ጎማ ልኩ 7.50-16 ነው። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ 7.05-16 ይላል። የጽሕፈት ስህተት ነው አልኩ። ሁለተኛውን አየሁ፤ 7.05-16። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሦስት ሱቅ፣ ሦስት ማኅተም፣ ሦስት የተለያየ ዋጋ፣ ስህተቱ ግን አንድ። ወዲያው መጠየቂያውን አወጣሁ። ስህተቱ እዚያ ኖሮ ቢሆን «ሱቆቹ ገልብጠውት ነው» ይባል ነበር፤ እውነትም ሊሆን ይችል ነበር። መጠየቂያው 7.50 ይላል። ትክክል ነው። ሦስቱን ፕሮፎርማ የጻፈው አንድ ሰው መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ደረሰኞቹን በቁጥራቸው ደረደርኩ። የኅዳሩ 0412፣ የጥር ወሩ 0413፣ የመጋቢቱ 0414። ጎማ ነጋዴ ነኝ የሚል ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት ከኛ በቀር ለማንም አልሸጠም ማለት ነው።

ከቢሮ ወጥቼ ግቢ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። የጎማ ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ፣ መጨረሻው ላይ፣ አራት አሃዝ ታገኛለህ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይነግሩሃል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2307 ካለ በ2007 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ጎማ ሲገጠም ቁጥሩ ወደ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ቱታ ለብሼ፣ ባትሪና ጠመኔ ይዤ ከመኪና ሥር ገባሁ። ረዳቴ ከውጭ ሆና ትጽፋለች። በኅዳር 2005 አራት አዲስ ጎማ ገባለት የተባለ መኪና ነበር። የቆመበት ጎማ 2307 ይላል፤ በኛ የ1999 ግንቦት መጨረሻ መሆኑ ነው። ጥርሱ አልቆ መላጣ ሆኗል። ጠመኔ ያደረግኩበት ያየነው ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው። ሁለት ቀን ፈጀብን። ከ84ቱ ያገኘነው 31 ነው፤ 53ቱ የሉም።

በ2000 የሆነውን የወርቁን ነገር ታስታውሱታላችሁ? ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ነው ብሎ ከገዛው ውስጥ ወርቅ የተቀባ ብረት ተገኘ። ጉዳዩ የፈነዳው ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ተመልሶ ሲመጣ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ለወጣት ኦዲተሮች አንድ ነገር ሳልሰለች እላለሁ፤ ዕቃውን በእጃችሁ ንኩት።

እዚህ ድረስ ጥሩ ሠርቻለሁ። አሁን ያጠፋሁትን ልንገርህ። ምክሬ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሞዴል 19 ላይ የፈረመችው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ናት። ኮንትራት ናት፤ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ቢሮዬ አስጠራኋት። ሰነዱን ፊቷ አስቀመጥኩና «ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?» አልኳት። «አዎ» አለች። «ዕቃውን ተረክበሻል?» አልኳት። ዝም አለች። ጣቷን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ታመላልሳለች። ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጥሬ ጻፍኩት።

በሪፖርቱ ላይ ስሟ አንደኛ ሆነ። ከሷ ቀጥሎ አንድ ሾፌር። ኃላፊዬ ደስ አላቸው፤ «ፈጣን ሥራ» አሉኝ። ጉዳዩ ወደ ሕግ ሄደ፣ ልጅቷ ታሰረች።

እናቷ ቢሮዬ መጡ። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አደግድገው በሩ ሥር ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ከነጠላቸው ውስጥ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥተው «ልጄ ለሳቸው ስጪልኝ ብላኛለች» አሉኝና ሄዱ። ደብተሩን አወቅኩት። ግምጃ ቤቱን ባሸግንበት ቀን መሳቢያዋ ውስጥ አይቼዋለሁ። የግል ዕቃ ነው ብለን ከቦርሳዋ ጋር መልሰንላታል።

በእርሳስ ነው የጻፈችው። ቀን፣ የሞዴል 19 ቁጥር፣ ከጎኑ አጭር ማስታወሻ። «ዕቃ አልገባም። በመንገድ ላይ ነው ፈርሚ ተባልኩ።» ቀጥሎ የሰው ስም። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ቀን። 14 ጊዜ። አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አልፈርምም ብዬ ነበር። ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል አሉኝ።»

ልጄ፣ እኔ የጠየቅኳት «ፈርመሻል ወይ?» ብዬ ነው። «ማን አስፈረመሽ?» አላልኳትም። ያን ሁለተኛ ጥያቄ ባለመጠየቄ ያቺ ልጅ 47 ቀን ታሰረች።

ተጨማሪ ሪፖርት ጻፍኩ። የመጀመሪያው መደምደሚያ ስህተት ነው ብዬ፣ ስህተቱም የኔ መሆኑን ገልጬ ፈረምኩበት። ደብተሩን ከስልክ ጥሪና ከክፍያ ማዘዣዎች ቀን ጋር አስተያየነው፤ ገጠመ። ልጅቷ ተለቀቀች። ካስፈረሟት ሰዎች አንዱ ተከሰሰ። ሌላው እስከማውቀው ድረስ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ሠራ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ አንተ ዘንድ ስመጣ፤ ከታች ያለው ፊርማ የምርመራው መጀመሪያ ነው። ብዙ ምርመራ ግን እዚያው ያልቃል፣ ምክንያቱም እዚያ ማለቅ ቀላል ነው። ፈራሚው ደሃ ነው፣ ፊርማው ግልጽ ነው፣ የሚከራከርለት የለም። አንተ የተሾምከው መርማሪዎችህ ከዚያ አልፈው እንዲሄዱ መንገድ ለመክፈት ነው። በ15 ቀን የሚያልቅ ሪፖርት የምታገኘው ዕቃ ክፍል ላይ ካቆምከው ብቻ ነው። ለኃላፊህ አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቃቸው። «በ15 ቀን የማቀርበው የአካል ቆጠራውን ውጤት ነው፤ ተጠያቂነትን የሚመለከተው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው» በል። ቃሉን እንዲህ ከፍለህ ካልጻፍከው በ15ኛው ቀን ስም አምጣ ይሉሃል።

ስለ ደብዳቤውም ልንገርህ። በእጅ የተጻፈ ነው ብለሃል። ለማንም እንዳታሳይ። ለኦዲተሮችህም፣ ለኃላፊህም። አንድ ቢሮ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች የእጅ ጽሕፈት ይተዋወቃሉ። ይዘቱን ራስህ በኮምፒውተር ጻፈው። ስትጽፈው እሱ ወይም እሷ ብቻ ሊያውቁት የሚችሉትን ነገር አውጣ። ዋናውን አሽገህ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርመህ ቆልፍበት።

ምሳ አብረው ስለሚበሉት ሁለቱ፣ በጥርጣሬ አታግላቸው። ሥራውን ከፋፍለው። አንዱ የሁሉንም መኪና ጎማ ይቁጠር፣ አንዱ የሁለት ዓመት ደረሰኝ ይደርድር፣ አንዱ የነዳጅና የኪሎ ሜትር መዝገብ ያምጣ። ሙሉው ሥዕል አንተ ጋ ብቻ ይገጣጠም።

---

ኮዱ

እትዬ ጡረተኛዋ፣ እግዜር ይስጥልን። ደብተሩን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እኔ የሲስተም ሰው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አሁን ብዙው ነገር ከሞዴል 19 ወደ ዳታቤዝ ሄዷል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 በአዲስ አበባ የ25,791 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው ለዚህ ነው። ባንኩ ቆጥበዋል ብሎ የላከው ዝርዝርና ዕጣ ማውጫው ውስጥ የገባው ዝርዝር አልገጠመም። መቆጠብ ያለባቸውን ያልቆጠቡ ሰዎች ዕጣ ውስጥ ገብተው ተገኙ። ያ ጉዳይ የሚያዘው ሁለቱን ዝርዝር አንድ ላይ በማስተያየት ነው። የላከውና የተቀበለው የተለያዩ አካላት ስለሆኑ ተቻለ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የንብረት ሲስተም ካላችሁ የሲስተሙ ሰው ሪፖርት አትምቶ እስኪያመጣልህ አትጠብቅ። ዳታቤዙ ራሱ ዛሬ ባለበት ይቀዳ። ማን በየትኛው የተጠቃሚ ስም፣ በስንት ሰዓት እንደገባ የሚመዘግበውን ሎግም ጨምር። ሎግ በብዙ ቦታ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ማንም ሳያጠፋው ጊዜው ያጠፋዋል። ደግሞ የይለፍ ቃል የሚዋዋሱ ቢሮዎች ብዙ ናቸው። ሎጉ ላይ የአንድ ሰው ስም አገኘህ ማለት ሰውየው ራሱ ነው የሠራው ማለት አይደለም። እትዬ ስለ ፊርማው ያሉት እዚህም ያው ነው።

---

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ አሜሪካ በአንድ የኢንስፔክተር ጄነራል ቢሮ (መሥሪያ ቤቱን ከውስጥ ሆኖ የሚመረምር ቢሮ ነው) ውስጥ ኦዲተር ነኝ፤ 14 ዓመት ሆነኝ። የእትዬን ጽሑፍ ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ስክሪኑን ዘግቼ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ኃላፊህ ስለሰጡህ ቀነ ገደብ ላውራ። እዚህ ያለው አሠራር የቆመው በ1978 ሕግ ነው (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፤ ሲጀመር 12 መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነበር የሸፈነው። የሕጉ ዋና ነገር ኢንስፔክተር ጄነራሉ የሚያሳውቀው ለሁለት መሆኑ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ደግሞም ለኮንግረስ። ከጥቂት የጸጥታ ጉዳዮች በቀር ኃላፊው አንድን ምርመራ «ተው» ማለት አይችልም። እንዲህም ሆኖ ወንበሩ የሚነቃነቅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ኢንስፔክተር ጄነራልን ሲያነሳ 30 ቀን አስቀድሞ ለኮንግረስ ምክንያቱን ማሳወቅ አለበት። በጥር 2025 ግን 17 የሚሆኑት አርብ ማታ በኢሜይል ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት መስከረም አንዲት ዳኛ ሕጉ ተጥሷል ብላ ፈረደች፤ ወደ ወንበራቸው ግን አልመለሰቻቸውም። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ማንም በማንኛውም ቀን ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ፋይልህን በየቀኑ፣ ነገ ሌላ ሰው ቢረከበው አንብቦ እንዲቀጥል አድርገህ ጻፈው። የኔ አለቃ ይህን ያደርግ ነበር። አርብ አርብ ቢሮ ቆይቶ የሳምንቱን ማስታወሻ ሳይጨርስ አይወጣም።

ሌላው የቃል ጥንቃቄ ነው። በኮቪድ ጊዜ ለትናንሽ ንግዶች ወደ 1.2 ትሪሊዮን ዶላር ብድር ተሰጠ። በሰኔ 2023 የአበዳሪው መሥሪያ ቤት ኢንስፔክተር ጄነራል ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ቢያንስ 17 በመቶው፣ ሊያጭበረብሩ ይችላሉ ለተባሉ ሰዎች ሄዷል አለ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ደግሞ 36 ቢሊዮን ነው ብሎ ተከራከረ። አንዱ የቆጠረው የሚያጠራጥረውን ሁሉ ነው። ሌላው የቆጠረው ከተጣራ በኋላ ማጭበርበር ሳይሆን አይቀርም የተባለውን ነው። ልዩነቱን ያላስተዋለ ሰው ግን ሁለቱንም «የተሰረቀ ገንዘብ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። አንተም 53 ጎማ ካጣህ የምትጽፈው «አልተገኘም» ብለህ ነው። «ተሰረቀ» የሚለውን ፍርድ ቤቱ ይበለው።

ሰው ስናነጋግርም አስቀድመን የምንነግረው ነገር አለ። ንግግሩ በፈቃዱ ነው ወይስ በግዴታ? በግዴታ ከሆነ የተናገረው ነገር በወንጀል ክስ አይቀርብበትም። ያንን ሳንለይ አንጀምርም። የናንተ ሕግ ይለያል፤ ጠበቃው ቢያብራራልን ደስ ይለኛል።

ጥቆማውንም አታቃልለው። የማጭበርበር መርማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከተያዙት ጉዳዮች 43 በመቶው የተያዘው በጥቆማ ነው። ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላይ የዚያው ቤት ሠራተኞች ናቸው። በርህ ሥር ፖስታ ያስገባው ሰው አንተን እያየ ነው። ጓደኞቹም እሱ ምን እንደሚገጥመው እያዩ ነው።

---

አዲሱ ዳይሬክተር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የሆነውን ልንገራችሁ።

ለኃላፊዬ ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ እትዬ እንዳሉኝ ከፍዬ። ሲያነቡት ፊታቸው አልተፈታም። ግን ፈረሙበት። የጥቆማውን ደብዳቤ አሳየኝ አሉኝ፤ አዋጁን ጠቀስኩላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እሺ፣ ተወው» አሉኝ። ያን ያህል እንደሚቀል አልጠበቅኩም ነበር።

ጎማውን ራሴ ቆጠርኩ። ቱታ ከጋራዡ ተዋስኩ። ምሳ አብረው ከሚበሉት ሁለቱ አንዱ አብሮኝ መጣ። ሦስተኛው መኪና ሥር ስንደርስ ባትሪውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ገባ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ድምፁ ተለወጠ። ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ «ጋሼ፣ ይሄማ ሰባት ዓመቱ ነው» አለኝ። ልጁን በልቤ ጠርጥሬው ስለነበር አፈርኩ። 22 መኪና አለን፤ የ9ኙን ጨርሰናል። ቁጥሩን እስክጨርስ እዚህ አልጽፍም።

አሁን የፈራሁት ዕቃ ክፍሉን ማናገር ነው። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ሰላምታ እየሰጡ ግድግዳውን ይጠጋሉ። እትዬ፣ እርስዎ ያን ቀን እንደገና ቢያገኙት ልጅቷን እንዴት ያናግሯት ነበር?

---

ጡረተኛዋ ኦዲተር

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ቢሮዬ አላስጠራትም ነበር። እኔ እሷ ጋ እሄዳለሁ፣ ግምጃ ቤቷ ድረስ። እዚያ እሷ ባለቤት ናት፣ እኔ እንግዳ ነኝ። አንተም እንዲሁ አድርግ። ሰነድ ይዘህ አትግባ። ብቻህንም አትግባ፤ አንድ ኦዲተር አብሮህ ይኑር። ያ ባትሪ የተቀበለህ ልጅ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰውየው ወንበር ከሰጡህ ተቀመጥ። ሻይ ካስመጡ ጠጣ።

ከዚያ ስለ ጎማ አትጠይቃቸው። «አባቴ፣ አንድ ዕቃ ከበሩ ጀምሮ መደርደሪያው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያለውን መንገድ ያሳዩኝ» በላቸው። ይነሱና ያሳዩሃል። ማን ያስረክባል፣ ማን ይቆጥራል፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) የት ነው፣ ሞዴሉ መቼ ይሞላል። የሥራውን ደንብ ራሳቸው ይነግሩሃል። ሲጨርሱ «እንዲህ ሳይሆን የቀረበት ጊዜ አለ?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። ዝምታው ቢረዝምም አንተ አትሙላው። እኔ የዚያች ልጅ ዝምታ ቶሎ ነው የሰለቸኝ።

መልስ ከመጣ ቀጥለህ «ማን ነበር ያዘዘዎት?»፣ «በምን አዘዘዎት፤ በስልክ ነው፣ በአካል?»፣ «ለሌላ ሰው ተናግረው ነበር?»፣ «የጻፉት ነገር አለ?» ትላለህ። የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሳ። ከታች ያለ ሰው የሚፈራውን ነገር አንድ ቦታ ይጽፋል። የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይም ሊሆን ይችላል። መልስ ካልመጣ አመስግነህ ውጣ፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ጠበቃው እንዳለው ወንጀል የሚነካ ቃል ከሆነ ደግሞ እዚያው አቁመህ ለሚመለከተው አስተላልፍ።

ግን ከሳቸው በፊት አንድ ነገር አድርግ፣ ዛሬውኑ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃዎች የዕቃ መግቢያና መውጫ መዝገብ አላቸው አይደል? ትልቁ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነው። ጎማ በኪስ አይገባም። ጎማ የጫነ መኪና በዚያ በር ካለፈ ሰሌዳው ተጽፏል። ካልተጻፈም ባዶ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው። ጥበቃዎቹ ወረፋቸው ሲያልቅ ለቀጣዩ በፊርማ ስለሚረካከቡ ገጹን ገንጥሎ ማውጣት ከባድ ነው። የሞላው መዝገብ ግን ማንም አያስቀምጠውም፤ ለሱቅ መጠቅለያ ይሸጣል ወይም ክረምት ላይ ይነድዳል። የሁለት ዓመቱን ጠይቅ። በርክክብ ቅጽ ተቀበል፣ ገጹን ቁጠር፣ ከደብዳቤው ጋር ቆልፍበት። ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሂድ።